ሽማግሌዎቼ ዘጌ በተሻገሩ ዕለት

ሽማግሌ የላከ ሰው ሥራው መጠበቅ ነው። በእኛ አገር ወግ የሚያገባው ልጅ ከልጅቱ አባት ደጅ አይቆምም። ሽማግሌዎቹን ይልክና ራቅ ብሎ ተቀምጦ እሺታውን ወይም እንቢታውን ይጠብቃል። ያን ዕለት እኔም ባሕር ዳር ላይ፣ ጀልባዎች ከሚነሡበት ድንጋይ አጠገብ ቀረሁ። ሥራ ፈት ሆኜ ባልውል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ደሳለኝ እባላለሁ። የአዲስ ዘመን ልጅ ነኝ፤ የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ መኪና እየገዛሁ፣ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። ዝምተኛ ነኝ። ነገር ግን አንድ ነገር በደንብ ካልገባኝ አልተወውም። ውባለምን ያገኘኋትም በዚሁ ጠባዬ ነው። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት እየኖረች ልብስ ትሰፋ ነበር። መኪናዋን ጠገንሁላት፣ ከፈለችኝ፣ እኔ ግን አልሄድሁም።

«ይሰፋል እኮ፣ አሁን ምን ቀረው?» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ አንድ ስፌት ይዘላል።»

«እኔ ባለመኪናዋ ያላየሁትን አንተ ከየት አየኸው?» ብላ ሳቀች። መኪናውን እንደገና ፈታሁት። ከዚያ በኋላ መኪናው ባይበላሽም እመላለስ ጀመር።

ወላጆቿ ዘጌ የሚኖሩ ቡና ያላቸው ሰዎች ናቸው። አባቷ ወግ የሚያጠብቁ ስለሆኑ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠር ተባለ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ፣ ማለት እስከ ሰባተኛው አያት፣ የሚገናኝ ሰው አይጋባም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ የአባቴ ወንድም አያ ሞላ በእኛ በኩል ቆጠሩ። በእነ ውባለም በኩልም ተቆጠረ። ክረምቱን ሙሉ ዘመድ ከዘመድ ሲጠያየቅ ከርሞ በመጨረሻ አይገናኙም፣ ንጹሕ ነው ተባለ። ለኔ ያ ክረምት ሰማዩ ጠርቶ ያለቀ ክረምት ነበር።

ከአዲስ ዘመን ተነሥተን፣ ሐሙሲት ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ማታውን ባሕር ዳር ገባን። በማግሥቱ ጧት አያ ሞላና ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ጀልባዋ አጠገብ ቆሙ። እኔ ከፊታቸው ቆሜ ጣቶቼን አፍተለትላለሁ።

«እዚህ ተቀምጠህ ጥፍርህን ስትበላ እንዳትውል» አሉኝ አያ ሞላ። በዘንጋቸው ወደ ሐይቁ ዳር አመለከቱ። «ያ ዋርካ ይታይሃል? ከሱ ኋላ ያለው የድሮው ሰፈር ነው። ይህ ሁሉ ፎቅና ዘንባባ ሳይመጣ ባሕር ዳር ማለት እሱ ነበር። ሊያፈርሱት ነው አሉ። ሄደህ እየው፣ ታሪክ ነው።»

«እርስዎ ያውቁታል?»

«እኔን ጡት ሳልጥል ነው ያወጡኝ። አባቴ እዚያ ሲነግድ እናቴ ኖራበታለች። እማሆይ ብርሃኔ የሚባሉ ጎረቤት ነበሯት፤ ዛሬም አሉ ይባላል። ካገኘሃቸው ጉልበታቸውን ሳምልኝ።» ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩና ሳቅ አሉ። «እናቴ ደብሬ እኮ እዚያ ሰፈር ክርስትና ያላነሣቻት ሴት ልጅ አልነበረችም። እጇ ይባርካል እየተባለ፣ የወለደ ሁሉ ደብሬን ጥሩልኝ ነበር የሚለው!»

«እንግዲያ አንተ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወንድም ነሃ!» አሏቸው አንደኛው ሽማግሌ። ሦስቱም እየተሳሳቁ ተሳፈሩ። ሞተሩ ተነሣ፣ ጀልባዋም ሄደች።

እኔም አብሬ ስቄ ነበር። ሳቄ ከአፌ ሳይጠፋ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ እሑድ ከውባለም ጋር በሐይቁ ዳር ስንሄድ ያንኑ ዋርካ አሳይታኝ፣ «እናቴ የተወለደችው ከዚያ ኋላ ነው። ዘጌ የሄደችው ስትዳር ነው» ብላኝ ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ለእኛ የክርስትና ዝምድና የሥጋ ዝምድና ነው፤ ከሥጋም ይበልጣል የሚሉ አሉ። አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም። አያቴ ደብሬ የውባለምን እናት ክርስትና አንሥታ ከሆነ፣ የውባለም እናትና አባቴ እኅትና ወንድም ናቸው ማለት ነው። እኔና ውባለም ደግሞ... ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻልሁም። ክረምቱን ሙሉ ሁላችንም ሥጋ ስንቆጥር ክርስትናውን የቆጠረ አልነበረም። የእናቷ ዘር ከዘጌ ስለሆነ «የዘጌ ሰው» ተብለው ታለፉ። የት ተወለዱ፣ ማን አነሣቸው ያለ ሰው የለም።

አያ ሞላ ጋ ደወልሁ። ይጠራል፣ አያነሡም። በዚያ የሞተር ጩኸት ማን ስልክ ይሰማል?

ወደ ዋርካው ሄድሁ። ከዋርካው ሥር ወደ ሰፈሩ የምትገባ ጠባብ መንገድ አለች፤ በግራና በቀኝ ጥቁር የድንጋይ ካብ። ካቡ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ቆምሁ። ተመለስሁ። እንደገና ሄድሁ። በሰፈሩ ውስጥ የተነሡት ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም እሷ አላነሣቻቸውም፣ ሰው ሲጫወት ያጋንናል እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ ገብቼ ብጠይቅስ ምን አለ እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ዘጌ ደርሰው፣ ተቀብለዋቸው፣ እህል ውኃ ቀማምሰው ነው ነገሩን የሚያነሡት። ጊዜ አለ። ልጄን ሰጥቻለሁ የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ ግን ማፍረስ ለሁለቱም ቤት ውርደት ነው። ካልገባሁስ? ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ሰዉ ይበተናል፣ የሚያውቅም የሚጠይቅም አይኖርም። አገባታለሁ፤ ልጆች እንወልዳለን። ማንም ያልጠየቀው ነገር ኃጢአት ይሆናል?

ከዋርካው ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላ ሴት ስታየኝ ቆይታ፣ «ወንድሜ፣ ትገባለህ ወይስ ትወጣለህ? ደንበኛዬን በሙሉ አስደነገጥኸው እኮ!» አለችኝ። በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና ለውባለም ደወልሁ።

«ምነው፣ ከአሁኑ ናፈቅሁህ?» አለችኝ። የመኪናዋ ድምፅ ይሰማል። «አባቴ በውሻ ቢያስባርራቸውስ? አስበህበታል?»

«ውባለም፣ የእናትሽን የክርስትና እናት ስም ታውቂዋለሽ?»

መኪናው ቆመ።

«ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲሁ።»

«አንተ እንዲሁ ጠይቀህ አታውቅም። የት ነህ?»

«ሐይቁ ዳር።»

«እዚያው ጠብቀኝ፣ መጣሁ። ወደዚያ ሰፈር እንዳትገባ! ሰማኸኝ? እስክመጣ እንዳትገባ።»

ስልኩ ተዘጋ። በእጄ እንደያዝሁት ቀረሁ። እኔ ስለ ሰፈር አንዲት ቃል አልተነፈስሁም ነበር።

በባጃጅ መጣች። ከአንገቷ ላይ የልብስ መለኪያዋን እንኳ አላወረደችም። ሻይ ሻጯን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ታውቂ ነበር» አልኋት።

«አላውቅም። እንዳላውቅም ነው የምፈልገው። እናቴ፣ ያነሣችኝ ሴትዮ ወደ አዲስ ዘመን ሄዳ ጠፋችብኝ ትላለች። ይኸው ነው የማውቀው። አዲስ ዘመን ትልቅ አገር ነው፣ ስንት ሴት አለ ብዬ ተውሁት።»

«ስሟን አልነገረችሽም?»

«አልጠየቅኋትም! ልትነግረኝ ስትል ወሬ እቀይራለሁ። እዚህ ዋርካ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ፣ ደሳለኝ። አንተ ዛሬ የቆምኸው እኔ ስንት ቀን ከቆምሁበት ቦታ ነው። አንተም ተመለስ።»

«ዘመድ ከሆንን እኮ፣ ባንጠይቅም ሆነናል።»

«ካልጠየቅን ያው እንደ ትናንቱ ነን። ትናንት ምን ጎደለን?»

ክንዴን ያዘችኝ። ሰው በሚያይበት ቦታ ነክታኝ አታውቅም ነበር።

«እኔ መኪና አይደለሁም» አለችኝ። «ፈትተህ ውስጤን ካላየህ እንቅልፍ የሚነሣህ ዕቃ አይደለሁም። ከፈታኸኝ መልሰህ አትገጥመኝም። ገባህ?»

«በየዓመቱ እናትሽ ቤት ስንሄድ፣ ዛሬ የክርስትና እናታቸውን ስም ይጠሩ ይሆን እያልሁ ልቀመጥ? ልጅ ስንወልድ ማን ያንሣልን ሲባል ምን ልል ነው?»

«እኔ እችለዋለሁ።»

«እኔ አልችለውም፣ ውባለም።»

ክንዴን ለቀቀች። «ከገባህ አልጠብቅህም» አለችኝ። ወደ ሰፈሩ ገባሁ።

ሰፈሩ ግማሹ ተነሥቷል። ሰዉ ቆርቆሮ እያወረደ፣ በር እየነቀለ፣ ዕቃ ከበር ላይ እየቆለለ ነው። የእማሆይ ብርሃኔን ቤት ያሳየችኝ ጀሪካን የተሸከመች ሴት ናት። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው የለም። እማሆይ በቤቱ መካከል አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ግባ፣ ግባ፣ ማንኳኳት ቀርቷል» አሉኝ። «ይኸው ስንት ዘመን ከዚች አልጋ ላይ ተኝቼ ሰማይን ገና ዛሬ አየሁት። ነገ ደግሞ ገዳም እገባለሁ። አንተ የማን ነህ?»

«የደብሬ የልጅ ልጅ ነኝ፣ እማሆይ። አዲስ ዘመን የሄደችው።»

ጉልበታቸውን ሳምሁ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ይችን ይወዳል! አፍጥጦ ዝም ማለትህ ራሱ የሷ ነው። ሞተች?»

«ቆየች።»

ትንሽ አለቀሱላት። ከዚያ ስለ አያቴ ማውራት ጀመሩ። እኔ አላስጨረስኋቸውም። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው፤ ሽማግሌዎቹ አሁን ዘጌ ደርሰዋል።

«አያቴ ክርስትና ያነሣቻቸውን ልጆች ያስታውሷቸዋል፣ እማሆይ?»

«አንድ በአንድ!» ብለው ጣታቸውን ለቆጠራ ዘረጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ቆይ። ልታገባ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሽማግሌ ልከሃል?»

«ዛሬ ላክሁ። ዘጌ።»

ዘጌ ስል የዘረጉትን ጣት አጠፉት። ከጎረቤት ሚስማር ሲነቀል ይሰማል።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ነገ ከዚህ የለሁም። ይህ ግድግዳም አይኖርም። ከኔ ሌላ የሚያውቅ የቀረ አይመስለኝም። ካልጠየቅኸኝ አፌን አልከፍትም፤ መርቄህ ትሄዳለህ። ከጠየቅኸኝ ግን የደብሬን ልጅ አልዋሽም። ያንተ ነው።»

ጣታቸውን ሲያጥፉ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ግን ጠርጥሮ መውጣት ሌላ፣ ሰምቶ መውጣት ሌላ ነው። ግድግዳውን አየሁ። በሩ ክፍት ነው። ተነሥቼ ብወጣ የሚይዘኝ የለም። የውባለምን እናት ስም ጠርቼ፣ «ጥሩወርቅ የምትባል ነበረች?» አልኋቸው።

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ማተቧን ያሰረችላት ደብሬ ናት። እኔ ሻማ ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ደብሬ አዲስ ዘመን ስትሄድ፣ ያች ሕፃን ቀሚሷን ይዛ አልለቅም ብላ በግድ ነው ያስለቀቅናት።»

«መፍትሔ የለውም፣ እማሆይ? ንስሐ፣ ሌላም ነገር...»

«ክርስትና ተነሥቶ እንዴት ይወርዳል፣ ልጄ?»

ከእማሆይ ቤት ወጥቼ ከካቡ ሥር ቁጭ ብዬ አያ ሞላ ጋ ደወልሁ። አያነሡም። ደወልሁ። አያነሡም። ስደውል ስደውል አንድ ጊዜ አያ ሞላ አነሡ። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ምነው አንተ ልጅ! ተቀምጠናል እኮ። ጥያቄአችንን አቅርበን ሰውዬው ሊመልሱ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው።»

ነገርኋቸው። እንዴት ብዬ እንደነገርኋቸው አላስታውስም። ደጅ ወጡ መሰለኝ፣ የዶሮ ጩኸት ሰማሁ።

«ይህን ማን ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«እማሆይ። ውባለምም ትጠረጥራለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ደሳለኝ፣ እዚህ ስልክ ይቆራረጣል። አልሰማሁህም ብል ማንም አይፈርድብኝም። አንተን ሳሳድግ የዛሬዋን ቀን እያሰብሁ ነው ያሳደግሁህ። ሰማሁህ ወይስ አልሰማሁህም? አንተው ንገረኝ።»

እሳቸው በሕይወታቸው ሲዋሹ አይቻቸው አላውቅም። ለኔ ሲሉ ሊዋሹ ተዘጋጅተው መልሴን ይጠብቃሉ። ግንባሬን ከድንጋዩ ላይ አስደገፍሁ።

«ሰምተውኛል፣ አያ» አልሁ።

ዘጉት።

ስወጣ ውባለም አልሄደችም ነበር። ሻይ ሻጯ አጠገብ ተቀምጣ መለኪያዋን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ፊቴን አየችና ወደ ሐይቁ ዞረች።

«ደወልህላቸው?»

«አዎ።»

«እኔን ሳትጠይቀኝ?»

ስልኩን ኪሴ ከተትሁ።

«መግባቱስ ይሁን፣ አያትህ ናት» አለችኝ። «መንገሩ ግን የሁለታችን ነበር። ወጥተህ፣ እንዲህ ሆነ፣ ምን እናድርግ ብትለኝ ምን ነበረበት? ምናልባት እኔም ንገራቸው እል ነበር። አሁን ይህን በምን አውቀዋለሁ?»

ተቀምጠን ጀልባዋን ጠበቅን። ሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳዎች ይመላለሳሉ። ሻይ ሻጯ ያልጠየቅነውን ሻይ ከፊታችን አኖረች፤ ቀዘቀዘ።

አያ ሞላ ከጀልባዋ ሲወርዱ ያረጁ መሰለኝ። አጠገቤ መጥተው ዘንጋቸው ላይ ተደገፉ።

«ምን ልበል ብዬ ተነሥቼ ቆምሁ» አሉኝ። «ልጅ ልንጠይቅ መጥተን፣ ልጃችን ከቤታችሁ ሆና አገኘናት አልሁ። ነገሩን ዘርዝሬ ሳልጨርስ እናትየዋ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። የደብሬ ልጅ ነህ? ብላ ከእግሬ ላይ ወደቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታፈላልግ ነው የኖረችው። አለቀሰች፣ እልል አለች፣ ጎረቤቱን ጠራች። አባትየው በግ አሳረዱ። በላን፣ ደሳለኝ። ምን እናድርግ፣ በላን።»

ከዚያ ራቅ ብላ የቆመችውን ውባለምን አዩ። «ያች ናት?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ የእኅቴ ልጅ! ነይ እስቲ ልይሽ።»

መጣች። ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል አነሧትና ግንባሯን ሳሟት። ሽማግሌዎቹ ዙሪያዋን ቆመዋል። «በሉ እንጂ» አሉ አያ ሞላ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ፣ «ተሳሳሙ፣ ወንድምሽ እኮ ነው።» ውባለም በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጉንጬን ሳመችኝ። አንዱን፣ ሌላውን፣ መልሳ አንዱን፣ እንደ ዘመድ። ፊቷ እርጥብ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግ አደረግህ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የንስሐ አባቴም ብለውኛል። ወይዘሮ ጥሩወርቅማ ባየችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች፤ የጠፋባትን የክርስትና እናቷን ቤተሰብ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። እኔ ግን ደግ ማድረጌን እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ሰፈር ሳልጎበኝ ባልፍ ኖሮ ምን ዓይነት ሰው እሆን እንደነበር አላውቅም፤ ጎብኝቼው የሆንሁትን ሰው ደግሞ ብዙም አልወደውም። አንድ ነገር ብቻ ተምሬአለሁ፦ እውነቱን ለማወቅ ብቻዬን መሄድ እችላለሁ፣ ካወቅሁት በኋላ ግን የኔ ብቻ አይደለም። ዛሬ ለሁለት ሰው የሚሆን ነገር ሲገጥመኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሌላውን ሰው እጠይቃለሁ። ለውባለም ግን ዘግይቷል። ልጆቻችሁን ስትድሩ ደግሞ ሥጋውን ብቻ አትቁጠሩ። ክርስትናውንም ቁጠሩ፤ ልጆቹ ሳይዋደዱ በፊት ቁጠሩት።

ውባለም አግብታለች። ሰርጉ ዘጌ ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር፤ እናቷ ራሷ ደውላ፣ ወንድሟ ሳይቆም ሙሽራ ከቤቴ አይወጣም ስላለችኝ ሄድሁ። በወጋችን ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወንድሞች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ። ጨዋታ ነው፤ ትንሽ ተገፋፍተው ይለቃሉ። እኔን ከመካከል አቆሙኝ። ሙሽራው ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ፣ እኔም ገፋሁት። ሚዜዎቹ ሳቁ። እንደገና ገፋኝ፣ ከበሩ አልነቃነቅ አልሁ። ሳቁ እየቀነሰ መጣ።

ከኋላዬ ውባለም ቀስ ብላ፣ «ደሳለኝ፣ አሳልፈው» አለችኝ።

አሳለፍሁት።